ብርቱካንማዋ መብራት ስትበራ

ዶኛ ኤርሚንያ ካትሪሌዎ ወሬ አታበዛም ብሎ የሚምል ሰው በባሕር ዳሯ በኮቻዩዮ መንደር አይገኝም። ስለ ሟች ባሏ ኩላሊት፣ ስለ ጎረቤቷ ምራት፣ ስለ ዳቦ ጋጋሪው ጺም ታወራለች። ስለ ጥበቃዋ ግን ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከመንደሩ በላይ ባለው ኮረብታ፣ በቆርቆሮ ጎጆ ውስጥ፣ የሩቅ ማያ መነጽሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ሎኮ ጠብቃለች።

ሎኮ ቋጥኝ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባሕር ቀንድ አውጣ ነው። መንደሩ የሚኖረው በእሱ ነው። የጠላቂዎቹ ማኅበር በዓመት አንዴ እስኪያወጣው ድረስ ማንም አይነካውም፣ ከሌባ በቀር። የጥበቃ ጀልባ ደግሞ አንዲት ብቻ ናት፤ ወይ ወደ ሰሜን ቋጥኝ ትሄዳለች ወይ ወደ ደቡብ። የምትወስነው ኤርሚንያ ናት። ማይኩን አንስታ ታች መጋዘን ለተቀመጠው ለሊቀመንበሩ ለዶን ቤላርሚኖ «ዛሬ ሰሜን» ትለዋለች፤ ጀልባዋ ትነሳለች።

ድሮ ይህ በራዲዮ ነበር፣ ሌባውም እግሩን ሰቅሎ ያዳምጥ ነበር። አምና ከዩኒቨርሲቲ መጡና ኮረብታው ላይ አንድ ሳጥን፣ መጋዘኑ ጣሪያ ላይ ሌላ ሳጥን ተከሉ። ድምጿ በቀጭን የብርሃን ጨረር ይወርዳል፤ ጨረሩ መሐል ገብቶ ካልቆመ በቀር ማንም አይሰማውም። መንደሩ ተደሰተ። ራዲዮ አበቃለት ተባለ።

ታዲያ በዚህ በልግ ሦስት ጊዜ ተሰረቁ። ሦስቱንም ጊዜ ጀልባዋ በሌለችበት ወገን። ሦስቱንም ጊዜ በጉም ቀን። ጉሙስ እሺ፣ ሌባ ጉም ቢወድ ምን ይገርማል? ጀልባዋ የት እንዳለች ግን እንዴት አወቀ?

ቤላርሚኖ ስብሰባ ጠራ። «ዶኛ ኤርሚንያ፣ የሚያውቀው ሰው ሁለት ነው፤ እኔና እርስዎ። ጀልባ ነጂዎቹም የሚሰሙት ከእኔ ነው፣ ሰምተውም ወዲያው ባሕር ይገባሉ። እኔ ደግሞ የራሴን ሎኮ አልሰርቅም።»

«ታዲያ እኔ የማንን ልሰርቅ ነው?»

«ኒባልዶ አሁንም ዳቦሽን ይበላል አይደል?» አለ ከኋላ አንዱ። ሰው ሳቀ። ኒባልዶ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ በሎኮ ስርቆት ከማኅበሩ ከተባረረ ስድስት ዓመቱ፤ ወደ ባሕር ከገባው ከደቡቡ የድንጋይ አፍንጫ ማዶ ብቻውን ይኖራል። እሑድ እሑድ ዳቦ ጋግራ ትወስድለታለች። እህት ናት፣ ምን ታድርግ!

ሌላ አንድ ጊዜ ከተሰረቁ የጎጆውን ቁልፍ እንድታስረክብ፣ ከማኅበሩም እንድትወጣ ተወሰነ። ባል የሞተባት ሴት ከማኅበር ወጥታ በዚያ መንደር የምትበላው የላትም።

ግራ ገባት። መጀመሪያ ተናደደች፣ ቀጥሎ ራሷን መጠርጠር ጀመረች። ሳላውቀው አምልጦኝ ይሆን? ዳቦ ቤት ቆሜ «ዛሬ ደቡብ ብርድ ነው» ብዬ ይሆን? የተናገረችውን ሁሉ ከሰኞ እስከ እሑድ እየለቀመች ታስባለች፤ ምንም አታገኝም፤ አለማግኘቷም አያሳርፋትም። ከሰው ጋር ማውራት ተወች። ለኒባልዶ እንኳ ዳቦውን በር ላይ አስቀምጣ ትመለስ ጀመር። ያቺ ወሬኛ ዝም ስትል መንደሩ «አያችሁ፣ ጥፋቷን አውቃለች» አለ። አይ ሰው!

አንድ ሐሙስ ሳጥኖቹን ከተከሉት አንዷ፣ ራየን የምትባለው መሐንዲስ፣ የሳጥኑን መስታወት ልትወለውል ከከተማ መጣች።

«ልጄ፣» አለቻት ኤርሚንያ፣ «ይቺ የሳጥኑ አረንጓዴ መብራት አንዳንዴ ብርቱካንማ የምትሆነው በርዷት ነው?»

ራየን ሳቀች። «አይ፣ ዶኛ። ጉም ሲወፍር ብርሃኑ አያልፍም። ያኔ ሳጥኑ ራሱ በአሮጌው ራዲዮ ይልከዋል፣ መልእክቱ እንዳይቋረጥ።»

«ሌባው በሚሰማው በአሮጌው ራዲዮ?»

«አልነገሩዎትም እንዴ? እኔ ሁሉም የሚያውቅ መስሎኝ!» ልጅቷ ደነገጠች። «ጉልበቱን ልቀንሰው እችላለሁ። መጋዘኑ ድረስ ይደርስና አፍንጫውን ሳይዞር ይደክማል። አሁን ልቀንሰው?»

«ተይው። አንድ ጉም ብቻ ታገሺኝ።»

ወርዳ ለቤላርሚኖ ነገረችው። ስለገባው ሳይሆን ስለሰለቸው «እሺ» አለ። በሚቀጥለው ጉም እሷ ሰሜን ስትል ጀልባዋ ደቡብ ልትሄድ ተስማሙ። «ማንም ካልመጣ ግን ቁልፉን» አላት።

ማክሰኞ ጠዋት ጉሙ እጅ እንኳ እስከማይታይ ወረደ። መብራቷ ብርቱካንማ ሆነች። ኤርሚንያ ማይኩን ጨበጠችና «ዛሬ ሰሜን» አለች። ሁለት ሰዓት ያህል ጆሮዋን ወደ መጋዘኑ አዘንብላ ቆየች። ከዚያ ከታች የመጋዘኑ ደወል ተደወለ። ተይዟል!

እየተንሸራተተች ወረደች። ቤላርሚኖ መጋዘኑ በር ላይ የሱፍ ኮፍያውን አውልቆ ጠበቃት። «ዶኛ ኤርሚንያ፣ ይቅር ይበሉን። እርስዎ አልነበሩም» አላት በሰው ሁሉ ፊት። ገና ደስ ሊላት ሲል ከኋላው የተቀመጠውን ሰው አየች። ኒባልዶ ነው። እግሩ ሥር እርጥብ ጆንያ፣ ጆንያው ላይ ሰማያዊ የሱፍ ልብስ የለበሰ ትንሽ የጀልባ ራዲዮ።

ሱፉን የሠራችው እሷ ናት፣ ለባሏ ራዲዮ። አምና፣ ራዲዮ አበቃለት በተባለ ሳምንት፣ ኒባልዶ «የአየር ጠባይ ልስማበት» ብሎ ለመናት። ማንም የማያወራበት ዕቃ ምን ያደርግልኛል ብላ ከዳቦው ጋር ሰጠችው።

«ራዲዮውን ከየት አመጣኸው?» አለው ቤላርሚኖ።

ኒባልዶ ቀና ብሎ እህቱን አላየም። «ከገበያ ገዛሁት።»

ሰዉ አመነ። ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ኤርሚንያ ግን የራሷን ሹራብ አየች። አልተናገርኩም፤ እውነት ነው። የሰጠሁት ግን እኔ ነኝ፤ ይሄም እውነት ነው። ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ?

«ይዋሻል» አለች። «የባሌ ራዲዮ ነው። እኔ ነኝ የሰጠሁት።»

ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቤላርሚኖ ቁልፉን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ አባላቱን እየዞረ አየ። እጁን ሰደደና መለሰው። ሊወስድባትም ሊመልስላትም አልቻለም፤ ቁልፉ እዚያው ቀረ።