ለካሜራ የታሰረው ቀበቶ

አዲሱ ባቡር ዛሬ ነገ ይመጣል በሚባልበት ዓመት ነው። ጉታ ጅቡቲ ከተማ፣ አምቡሊ ሰፈር አጠገብ በሚሠራ ፎቅ ላይ የእንጨት መወጣጫ ያስራል። አምና ከዚያው ፎቅ ወድቆ እግሩ ተሰብሯል፤ ያኔ ጋዜጠኛ ቀርቶ ካቦው ሙክታር እንኳ አልጠየቀውም።

አንድ ጠዋት ሙክታር የስቶሩን ቁልፍ እያንቀጫቀጨ መጣ። ሁሉም ገባቸው። ሄልሜት የሚወጣው ወይ አለቃ ሲመጣ ነው፣ ወይ ካሜራ።

"ቴሌቪዥን ነው፤ የሥራ ደህንነት ምናምን ሊቀርጹ። አንድ ሰው እላይ ወጥቶ ይቁም።"

ጉታ ቀድሞ ተነሳ።

"አንተማ ታነክሳለህ ጉታዬ፤ ታሳጣናለህ! በፍቃዱ፣ ና አንተ!"

በፍቃዱ ከመጣ ገና ሁለት ወሩ ነው፤ ግን መልክ አለው። ሄልሜት ደፉለት፣ ቀበቶ አስታጠቁት። የቀበቶው መንጠቆ የሚያዝበት ሲጠፋ፣ ሙክታር የአቧራ መከላከያው መረብ የተወጠረበት ሲባጎ ላይ አንጠለጠለው። ለምስል ይበቃል።

ያን ማታ ከቴሌቪዥን ዜናው በኋላ መነን ደወለች። ካርቲየ አንድ የሚባል ሰፈር፣ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትኖር ልጅ ናት፤ ጉታ ሽማግሌ ሊልክባት አስቧል።

"ፎቃችሁን በዜና አየሁት! ያ ቀበቶ የታጠቀው ልጅ ማነው? ሲያምር!"

"አንድ ተራ ልጅ ነው።"

"እንዲህ የሚጠነቀቅ ወንድ ደስ ይላል። ደግሞ እዚያ ፎቅ ላይ አንድም ሰው ተጎድቶ አያውቅም አሉ፤ ማዳም ናት የተረጎመችልኝ። ታዲያ አንተ ከዚያ ፎቅ ወደቅሁ ያልከኝ፣ እግርህን የት ነው የሰበርከው?"

ዘጠኝ ዓመት አሸዋና ብረት የተሸከመ ሰው፣ በአንድ ቀን ሄልሜት ውሸታም ሆነ።

በማግስቱ በፍቃዱ ቀበቶውን አልመልስም አለ። አራተኛ ፎቅ ላይ ያንኑ መንጠቆ ያንኑ ሲባጎ ላይ አንጠልጥሎ፣ ታች ላሉት ቀለም ቀቢዎች ወደ ውጭ ዘንበል አለ።

"አያችሁኝ ትናንት? ጉቴ፣ አንተስ አየኸኝ?"

ጉታ ከኋላው ቆሟል። "ሲባጎ ነው፣ ተው" የሚለው ጉሮሮው ላይ ደርሶ ተመለሰ። ይሙት አላለም፤ ትንሽ ይደንግጥ ነው ያለው።

ሲባጎው ጧ አለ።

ከጭንቅላቱ በፊት ያስታወሰው ያ የተሰበረ እግሩ ነው። ዘሎ ቀበቶውን ከኋላ አነቀና ሁለቱም ጣውላው ላይ ተዘረሩ።

"ጉቴ... አተረፍከኝ" አለ በፍቃዱ፣ ከንፈሩ አመድ መስሎ።

ሙክታር ከታች ጮኸ፦ "ሄልሜቱ ተጫረ እንዴ?"

ጉታ ስልኩን አወጣ። "አሁን ለመነን ንገራት። ቀበቶህ ምን ላይ ታስሮ እንደነበር። እኔም የት እንደወደቅሁ።"

"ቁጥሯን ስጠኛ፣ እደውልላታለሁ።"

"ቁጥር የለም!"

ራሱ ደወለ። ስልኩንም በገዛ እጁ በፍቃዱ ጆሮ ላይ ያዘለት፤ ልጁ አውርቶ እስኪጨርስ አልለቀቀም።