የአስር ቤት ባዶ

ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ በሯ ለብቻው ወደ ቅያሱ በዞረ አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ሠርኬ የቁልፍ ቤት ትሠራለች። ልብስ ሰፊዎቹ ኮቱን ጨርሰው ይልኩላታል። እሷ ዙሪያውን በእጇ ትዘመዝምና መጨረሻ ላይ መሀሉን በምላጭ ትሰነጥቃለች። ምላጩ ከሳተ ኮቱ አለቀለት። እጇ ግን ስቶ አያውቅም። እየሰፋች ታንጎራጉራለች፤ ቤት እስኪመታላት ድረስ ስንኙን ትለዋውጣለች።

ሰው ቤቱን ይወዳል ቢዘምም ግድግዳው፣
እኔስ ፈራሁለት ጣራው እንዳይከዳው።

ይህን ያንጎራጎረችው ሰፈሩ ይነሳል የተባለ ሰሞን ነው። ወጣቶች ቀይ ቀለም ይዘው መጡና በየበሩ ቁጥር ጻፉ፤ በእሷ በር ላይ 407። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣች። ቀይ ቁጥር የተጻፈበት በር ሁሉ የሚፈርስ መሰላት። አንድ ማለዳ ጨርቅ በነጭ ጋዝ ነክራ ፈተገችው። ያልተቆጠረ አይፈርስም ብላ ነው።

ቀትር ላይ ጎረቤቷ ካሚላ ከሶማሌ ተራ ወሬ ይዛ ደረሰች። ምትክ ቤት የሚሰጠው በበር ቁጥር ነው፤ ሊያረጋግጡም ዛሬ እየዞሩ ነው። ይህን ስትናገር ዓይኗ በሩ ላይ አረፈ።

«ምን ነክቶሽ ነው አንቺ? ራስሽን እኮ ነው የፋቅሽው።»

ሠርኬ ዞር ብላ በሩን አየች። ፍተጋዋ የበረታው መሀሉ ላይ ነበር፤ ዳርና ዳር አራትና ሰባት እንደ እድፍ ቀርተዋል። ቀለም የያዘው ወጣት መጣ፤ ጎንበስ ብሎ አየና አርባ ሰባት ብሎ ብሩሹን ነከረ።

ልጅ ሳለች መምህሯ ሰሌዳው ላይ የአንድ ቤት፣ የአስር ቤት፣ የመቶ ቤት እያሉ ያሰምሩ ነበር። ባዶው ቤት ውስጥ ማን ይኖራል ብላ ጠይቃቸው ክፍሉ ስቆባታል። መምህሩ ግን አልሳቁም። ማንም አይኖርበትም፤ ከፈረሰ ግን ጎረቤቱ ስፍራውን ይለቃል አሏት።

«ተው ልጄ፣» አለች ሠርኬ። «የአስር ቤቱ ባዶ ነው። ባዶውን ካልጻፍክልኝ እኔ የለሁም።»

«እትዬ፣ ሒሳብ ያስተምሩ ነበር እንዴ?»

«የቁልፍ ቤት ነው የምሠራው።»

ልጁ ፈገግ ብሎ ስልኩን አወጣ፤ ቁጥሩ የተጻፈ ቀን ያነሳውን የበሯን ፎቶ ፍለጋ በጣቱ ይገፋ ጀመር። በር አለፈ፣ ሌላ በር አለፈ። የእሷ አልመጣም። ሠርኬ የካሚላን ነጠላ ጨምድዳ ያዘች። በመጨረሻ ልጁ ፎቶውን አገኘና ባዶውን ጨምሮ፣ ከፊተኛው አድምቆ ጻፈው።

ካሚላ እልል በይ እንጂ አለቻት። ሠርኬ ዓይኗን ከቀለሙ አልነቀለችም። በማለዳ የሸሸችውን ቁጥር በቀትር ለምና አጻፈችው፤ እሱ ካለ ቤቱ መፍረሱ ነው።

ገብታ ተቀመጠች፤ ካሚላም ተከትላት ገባች። ጉልበቷ ላይ ያለው ኮት ተዘምዝሞ አልቋል፤ መሰንጠቅ ብቻ ቀርቶታል። ምላጩን አነሳች። ጫፉን ጨርቁ ላይ አሳርፋ መልሳ አነሳችው። ለካሚላ ዘረጋችላት።

«ዛሬ አንቺ ሰንጥቂልኝ፣» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።