ስም ያልተጻፈበት መዝገብ

ሥራ የገባሁ ዕለት መንገድ ሦስት ጊዜ ጠፋብኝ። ቢሮው ከሰባተኛ ሰፈር ከፍ ብሎ፣ ከጨርቅ ሱቅ በላይ ባለ ፎቅ ላይ ነው ተብዬ ነበር። መርካቶ ውስጥ ከጨርቅ ሱቅ በላይ ያልሆነ ፎቅ እንደማይገኝ የነገረኝ ግን አልነበረም። በመጨረሻ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ጠቅልለው በርበሬ የሚመዝኑ አንዲት ሴት ጠየቅሁ።

“የነጋዴዎች መረዳጃ ማኅበር በየት በኩል ይሆን፣ እናቴ?”

“ጎጃሜ ነሽ፤ አነጋገርሽ ያስታውቃል” አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከሚዛኑ ሳያነሡ። “ያውልሽ፣ አረንጓዴው በር። ደግሞ ወደ ላይ እያየሽ አትሂጂ። እዚህ ወደ ላይ ያየ ሰው ቦርሳውን አያገኘውም።”

እኚህ ሴት እትዬ በለጡ ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በርበሬና ሽሮ የምገዛው ከሳቸው ሆነ። ዘመድ በሌለኝ ከተማ መጀመሪያ “እንዴት አደርሽ” ያለኝ ሰው እሳቸው ናቸው።

የማኅበሩ ዋና ጸሐፊ አቶ ደምሴ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ምስክር ወረቀቴን ገልብጠው አዩና “ታይፕ የምትመቺው በአማርኛ ነው በእንግሊዝኛ?” አሉኝ።

“በሁለቱም። አማርኛው ይሻለኛል።”

“ጥሩ። እዚህ እንግሊዝኛ የሚያነብ የለም፤ እኔንም ጨምሮ። ሦስት ወር አይሻለሁ።”

ማዕረጌ ረዳት ጸሐፊ ነበር። ከእኔ በላይ አቶ ደምሴ፣ ከሳቸው በላይ ሊቀ መንበሩ፤ ከእኔ በታች ማንም። ሥራዬ ደብዳቤ መምታት፣ ስቴንስል ቆርጦ ማባዛት፣ ፋይል ማስቀመጥና ቢሮውን መቆለፍ ነው። መቆለፉን ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ አረጋግጥ ነበር። ደረጃውን ወርጄ ተመልሼ የወጣሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ አንድ ነገር የረሳሁ ይመስለኝ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቀውም። ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ ስወጣ ትንሽ ይለቀኛል፤ ቢሮ ስገባ ይመለሳል። ከጠረጴዛው ሥር እግሬ አያርፍም።

በሦስተኛው ወር የሚዛን ትእዛዝ መጣ። የማዘጋጃ ቤት ማኅተም ያልተመታበት ሚዛን በገበያ ላይ ከተገኘ ይወሰዳል የሚል ነው። ማኅተም ለማስመታት ደግሞ ሚዛንን ተሸክሞ ከመርካቶ ወጥቶ፣ ወረፋ ይዞ መዋል ያስፈልጋል። ትልልቆቹ ነጋዴዎች ሠራተኛ ላኩ። መሬት ላይ ዘርግታ የምትሸጥ ሴት ዕቃዋን ለማን ጥላ ትሂድ? አንድ ቀን ካልሸጠች የዚያን ዕለት ቤቷ አይበላም።

አቶ ደምሴ ጠሩኝ። “ለትንንሾቹ ነጋዴዎች ስብሰባ እንጠራለን። በነጻ። ስለ ንግድ ፈቃድ እኔ እናገራለሁ። ከማዘጋጃ ቤት ሹም ይመጣና ሚዛናቸውን እዚያው አይቶ ይመታላቸዋል። አንቺ ታዘጋጂዋለሽ።” ደግሞ ጨመሩ፤ “ማን ማን እንደመጣ መዝግቢ። ሊቀ መንበሩ ‘ስንት ሰው መጣ?’ ሲሉኝ በእጄ ወረቀት ልያዝ። የሦስት ወሩም ነገር በዚያው ያልቃል።”

ከሲኒማ ራስ ጀርባ የአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ተፈቀደልን። ቀን መምረጥ የእኔ ፈንታ ነበር። ካሌንደሩን ዘርግቼ በዓላቱን ሁሉ በእርሳስ ከበብኩ። በበዓል ቀን ሰው ጠርቼ ኃጢአት ውስጥ ላለመግባት በገብርኤልና በማርያም መካከል ያለችውን አንዲት ቀን ያዝኩ። ጥሪውን በስቴንስል ቆረጥኩ፣ አባዛሁ፣ አጣጥፌ በክር አሰርኩ።

የመጀመሪያውን ወረቀት የሰጠሁት ለጋሼ ሽኩር ነው። ምናለሽ ተራ አሮጌ ብረትና ሚዛን የሚሸጡ፣ በማኅበሩ ዘንድ የሚከበሩ ሰው ናቸው። አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት፤ ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

“ወይዘሪት ሙሉነሽ፣ አርብ ሰባት ሰዓት ብለሻል።”

“አዎ፣ ጋሼ።”

“የእናንተን በዓል ሁሉ ስትሸሺ ስትሸሺ መጥተሽ የኛ ሰላት ላይ ወደቅሽ። የመርካቶ ግማሹ በዚያ ሰዓት መስጊድ ነው።”

ፊቴ ጋለ። ሐሙስ ገብርኤል፣ ቅዳሜ ማርያም ነው። ወደ ረቡዕ አዞርኩትና ወረቀቱን ሁሉ እንደገና አባዛሁ። ቀለሙ ከጥፍሬ አልለቅ ብሎ እሑድ ቅዳሴ ላይ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ ቆምኩ።

ወረቀቱን ይዤ በየተራው ዞርኩ። ከሰባተኛ እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ያልደረስኩበት መደብ የለም። ማንበብ ለማይችል አነብለታለሁ። ሰው የሚጠረጥረው ትእዛዙን ሳይሆን “በነጻ” የሚለውን ነበር።

“በነጻ ከሆነ እኔን ለምን ትለምኚኛለሽ?” አለኝ አንድ ጨው ሻጭ። “መርካቶ ውስጥ በነጻ የሚመጣው ዝናብ ብቻ ነው፤ እሱም ዕቃ ያበላሻል።”

“ግብር ሊጥሉብን ነው” አለች አጠገቡ ያለችው። “መጀመሪያ ሻይ ያጠጡሻል፤ ከዚያ ስምሽን ይወስዳሉ።”

ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰምቼ አላስተዋልኩትም።

እትዬ በለጡ ወረቀቱን ተቀብለው ከሚዛናቸው ሥር አደረጉት። ባለ ሁለት ሰሃን ሚዛን ነው፤ አንዱ ሰሃን ተሰብሮ በሽቦ ተጠግኗል። “ሽቦው ያስከስሰኛል?” አሉኝ።

“ሹሙ ያዩታል። ልክ ከሆነ ይመቱታል። ረቡዕ ይምጡ እንጂ እትዬ፤ ሰኞ መውሰድ ይጀምራሉ።”

“አንቺ ካለሽማ እመጣለሁ።”

ረቡዕ በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ አዳራሹ ገባሁ። አግዳሚዎቹን ደረደርኩ፣ ቆጠርኩ፣ ደግሜ ቆጠርኩ። በሩ ላይ ጠረጴዛ አኖርኩና አዲሱን መዝገብ ዘረጋሁ። ባለ ጠንካራ ሽፋን፣ ሰፊ መዝገብ ነው። በማስመሪያ ዓምድ አስምሬ ነበር፦ ስም ከነአያት፣ የትውልድ አገር፣ የሚሸጠው ዕቃ፣ የሚሸጥበት ቦታ፣ የሚዛን ዓይነት፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ። የአሻራውን ቀለም አጠገቡ አስቀመጥኩ። እንደዚያ ያማረ መዝገብ አዘጋጅቼ አላውቅም ነበር።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሹሙ መዶሻቸውንና የብረት ማኅተማቸውን በቆዳ ቦርሳ ይዘው መጡ። ሰባት ሰዓት ሲሆን ሰዎች ሚዛናቸውን በነጠላ ጠቅልለው፣ በጆንያ ከተው፣ እየተጠራሩ ብቅ ማለት ጀመሩ።

የመጀመሪያው ሰው ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። “ስምዎ ከነአያት?” አልኩት። መዝገቡን አየ፤ የአሻራውን ቀለም አየ። “የመመዘኛ ድንጋዩን ረስቼ ነው የመጣሁት፤ ላምጣው” ብሎ ተመለሰ። ቀጥላ የመጣችው ልጇን እንዳመመው ትዝ አላት። ሦስተኛው ምክንያትም አልሰጠኝ። የቀሩት ከግቢው በር ሆነው ያያሉ፣ ይንሾካሾካሉ፣ ይበተናሉ። እኔ ብዕሬን እንደያዝኩ ነኝ። ለምን እንደሚሄዱ አልገባኝም።

እትዬ በለጡ ሚዛናቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው መጡ። ደስ አለኝ። ብዕሬን ወረቀቱ ላይ አድርጌ “ስምዎ ከነአያት?” አልኳቸው። እንደተማርኩት፣ ለማንም እንደምለው።

ቀለሙን አዩ፤ እኔን አዩ። ከዚያ ዞረው ሄዱ።

“በለጡ” የሚለውን ጽፌው ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ቦታ ባዶ ነው።

ስምንት ሰዓት ሲሆን አዳራሹ ውስጥ የነበርነው አቶ ደምሴ፣ ሹሙ፣ ጋሼ ሽኩርና እኔ ብቻ ነን። ሹሙ ሰዓታቸውን አዩ። አቶ ደምሴ ንግግራቸውን አጣጥፈው ካፖርታቸው ኪስ ከተቱ። ተነሥቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ስሮጥ የታየሁት ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

እትዬ በለጡን መደባቸው ላይ አገኘኋቸው። “ምን አደረግኩ እትዬ?” አልኩ፣ ትንፋሼ ሳይመለስ።

“አንቺ ታውቂኛለሽ። ሦስት ወር ሽሮዬን በልተሻል” አሉኝ። ድምፃቸውን አላነሡም። “ስሜን ለምን ጠየቅሽኝ? እንደማታውቂኝ ሆነሽ፣ ቀለም አስቀምጠሽ። ‘እኔ እያለሁ ምን ትሆናላችሁ’ ብዬ ሰፈሩን ሁሉ የጠራሁት እኔ ነኝ። ምን ልበላቸው አሁን?”

“መዝገቡን እዘጋዋለሁ” አልኩ።

“ዝጊው። ግን ብቻውን አይበቃም። ሰው የሚያምነው የሌላ ሰው ሚዛን ገብቶ ሲወጣ ካየ ነው። አዳራሽ ውስጥ ደብቃችሁ ማን ያያል?”

ተመልሼ መዝገቡን ዘጋሁና ቀለሙን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። የሹሙ ጠረጴዛ ግቢው በር ላይ፣ መንገደኛ በሚያይበት ቦታ ይውጣ ስል ሹሙ ፊታቸውን አጠቆሩ። “ሥራ በቤት ውስጥ ነው የሚሠራው” አሉ።

ጋሼ ሽኩር ጠረጴዛውን በአንድ ጫፍ አነሡት። “ጌታዬ፣ ገበያ ቤት የለውም፤ ይያዙልኝ እስቲ በዚያ በኩል” አሏቸው። ሹሙ ሳያስቡት ያዙ። መጀመሪያ የተመታው ሚዛን ጋሼ ሽኩር ራሳቸው ያመጡት ነው። የመዶሻው ድምፅ መንገዱ ድረስ ተሰማ። ጨው ሻጩ መጣ። ከዚያ ሁለት ሴቶች። ከዚያ እትዬ በለጡ ከየመደቡ የሚልኳቸው ሰዎች እየተከታተሉ ግቢውን ሞሉት። አቶ ደምሴ አንድ ሣጥን ላይ ቆመው ስለ ንግድ ፈቃድ ተናገሩ። ሰዉ ተራውን ትቶ መሄድ ስለማይችል ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ የተደመጠ ንግግር አላየሁም።

እኔ ግን ቁጥር ያስፈልገኛል። ቦርሳዬ ውስጥ የጸሎት መቁጠሪያዬ ነበር። ነጠላዬ ሥር ይዤ፣ መዶሻው በመታ ቁጥር አንድ አንድ አሳለፍኩ። አርባ አንዱን ሁለት ጊዜ ዞሬ ሦስተኛውን ጀመርኩ።

እትዬ በለጡ ሰዉን ሁሉ ልከው ሲጨርሱ የራሳቸውን ሚዛን ታቅፈው መጡ። ሹሙ ማኅተሙን በጨርቅ እየጠቀለሉ ነበር።

“አንድ ብቻ ቀርቷል፣ ጌታዬ” አልኳቸው።

ከቦርሳቸው ደብዳቤ አወጡ። የእኔ ታይፕ ነው። “ሥራው በአሥር ሰዓት ተኩል ይጠናቀቃል” ይላል፤ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። አሥር ሰዓት ተኩል አልፏል። “አንቺው የጻፍሽው ነው። እኔ ሌላ ቦታ እፈለጋለሁ።” ጋሼ ሽኩር ቀለዱላቸው፤ አቶ ደምሴ ለመኗቸው። መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሄዱ።

“ይሁን” አሉ እትዬ በለጡ። ሚዛኑን መልሰው ጠቀለሉት።

በማግስቱ መዝገቡን ለአቶ ደምሴ ሰጠኋቸው። ገለጡት። “ባዶ ነው እኮ። ‘በለጡ’ ብቻ።”

“ዘጠና ስድስት ሚዛን ተመትቷል።”

“በምን ቆጠርሽ?”

መቁጠሪያውን አሳየኋቸው። ረዘም አድርገው አዩትና “ይህንን ለሊቀ መንበሩ በፋይል አቅርቢ ልልሽ ነው?” አሉኝ። ከዚያ ቁጥሩን በእጃቸው ጻፉት። ሦስት ወሩ ሲያልቅ ስለ እኔ ምንም አልተናገሩም፤ ቀጥሬሻለሁ ማለታቸው ነበር። ለንስሐ አባቴም ነገርኳቸው። “በመቁጠሪያ ሚዛን ቆጠርሽ?” ብለው ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑና አርባ አንድ ስግደት ሰጡኝ። ሰገድኩ።

ሰኞ የእትዬ በለጡ ሚዛን ተወሰደ። እስኪመለስ፣ እስከ ፋሲካ ድረስ፣ በርበሬውን በስኒ እየሰፈሩ ሸጡ። “በስኒ ሲሆን እጅሽ ይሰስታል ይሉኛል” ብለው ይስቁ ነበር፤ ደንበኛ ግን ቀንሶባቸዋል። ሚዛኑን ለማስለቀቅ ወደ ማዘጋጃ ቤት አራት ቀን ተመላለስን። ከቢሮ ፈቃድ እየጠየቅሁ አብሬያቸው ወረፋ ቆምኩ፤ መደባቸውን ጋሼ ሽኩር ይጠብቁላቸዋል።

በአራተኛው ቀን መስኮቱ ጋ ደረስን። ውስጥ የተቀመጠው ጸሐፊ ቀና ሳይል “ስም ከነአያት” አለ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። እትዬ በለጡ ወደ እኔ ዞር አሉና ጮክ ብለው፣ ረጋ ብለው ተናገሩ፦ “በለጡ ደስታ ወልደ ማርያም። ከመንዝ። በርበሬ ሻጭ።” የአባታቸውንና የአያታቸውን ስም የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ቢሮ ስመለስ መዝገቡን አውጥቼ ባዶውን ቦታ ሞላሁት።

ከዚያ በኋላ በማኅበሩ ብዙ ስብሰባ ጠርቻለሁ። በር ላይ መዝገብ አኑሬ አላውቅም። ለአዲስ ረዳት ጸሐፊዎች የምላቸው ይህን ነው፦ ሰው ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ የመጣበትን ጉዳይ ካገኘ በኋላ ስሙን ይነግራችኋል። ለሹም በምትጽፉት ደብዳቤ ላይ ደግሞ የሚጀመርበትን ሰዓት ጻፉ፤ የሚያልቅበትን አትጻፉ።