ጋሽ ቀለምና የሺህ ዋቱ አምፕሊፋየር

ጋሽ ቀለም የሚለውን ስም ያወጡለት የማተሚያ ቤት ጓደኞቹ ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ማተሚያ ማሽን ላይ ሲሠራ ጥፍሩ ሥር የገባው ጥቁር ቀለም በሳሙናም በጋዝም አልለቅ ብሎት፣ በሠርጉ ቀን እንኳ ፎቶ የተነሳው እጁን ኪሱ ከትቶ ነው። ማሽኑ ሲነሳ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ሰው ከሰው የሚግባባው በእጅ ምልክትና በከንፈር ነበር። ጋሽ ቀለም ደግሞ ሙዚቃ ሲባል ነፍሱ ነው። “ጡረታ ስወጣ ቁጭ ብዬ እስክጠግብ እሰማለሁ” እያለ በየቀኑ ይፎክር ነበር፤ በዚያ ጩኸት መሃል ፉከራውን የሚሰማለት ሰው ባይኖርም።

ጊዜው ደረሰና ጡረታ ወጣ። ጓደኞቹ ወገብ የሚደርሱ ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ስጦታ ሰጥተው ሸኙት። ነርስ የሆነችው ልጁ ደግሞ “ስፒከር ብቻውን ምን ይሠራል?” ብላ ድምፁን የሚያጎላ አዲስ አምፕሊፋየር ይዛ ከች አለች። ካርቶኑ ላይ በቀይ ቀለም፣ ከሩቅ በሚነበብ ቁጥር “1000 ዋት” ተጽፎበታል።

“አባዬ፣ በዚህማ ሰፈሩን ታስነሳዋለህ!” አለችው።

ጋሽ ቀለም ደስታው ልክ አልነበረውም። ካርቶኑን እንኳ ለመጣል ሳስቶ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጠው።

መጀመሪያ ምን እንደሚሰማ ማንም አልጠየቀውም። ባለቤቱ በወጣትነቷ በአንድ የሠራተኞች የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ትዘፍን ነበር። ቡድኑ ከመበተኑ በፊት የተቀዳ አንድ ካሴት አለ፤ ልጅቱ ወደ ሲዲ አስገልብጣዋለች። የመጨረሻው ዘፈን በክላርኔት ቀስ ብሎ ይጀምርና፣ ከበሮውና ጥሩምባዎቹ ባንድ ጊዜ ሲገቡ የባለቤቱ ድምፅ ከሁሉም በላይ ከፍ ብሎ ይወጣል። ጋሽ ቀለም ይህችን ሴት መጀመሪያ ያያት ዘፈኑ በተቀዳበት ቀን፣ የወደዳትም እዚያ ቦታ ላይ ስትደርስ ነው።

ሶፋው ላይ ተደላድሎ ድምፁን ከፈተው። ክላርኔቱ ማር ማር አለው። ከበሮና ጥሩምባው ሲገቡ ግን ድምፁ ሻከረ፤ ሲሚንቶ ላይ ቆርቆሮ የሚጎተት ይመስል አንዳች ነገር ጆሮውን ፋቀው። የባለቤቱም ድምፅ ተሰነጣጥቆ ወጣ። ደንግጦ ዝቅ አደረገው፤ ደህና ሆነ። መልሶ ከፍ ሲያደርገው እንደገና ፋቀው።

“አለቀልኝ፤ ጆሮዬን ማሽኑ በልቶታል” አለ በሆዱ። የልጁን ስጦታ መጠርጠር በሐሳቡም አልመጣ። ሺህ ዋት እኮ ነው!

ለባለቤቱ ትንፍሽ አላለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘፈኑ እዚያ ቦታ ሊደርስ ሲል ቶሎ ብሎ ያጠፋዋል፤ “ሻይ አይፈላም እንዴ?” ብሎ ወሬ ይቀይራል። እሷም አንድ ቀን እንኳ “ለምን ታጠፋዋለህ?” ብላ አልጠየቀችውም። ልጅቱ መጥታ ስትጠይቅ ደግሞ ዝቅ አድርጎ ይከፍትና “በጣም ግሩም ነው፣ እድሜ ላንቺ” ይላታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስት ወር አለፈ።

በመጨረሻ አላስችል ቢለው፣ ለማንም ሳይናገር ጆሮውን ሊመረመር ሐኪም ቤት ሄደ። መርማሪው ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ፣ ጆሮ ላይ የሚደፋ ማዳመጫ አጥልቆለት፣ ድምፅ በሰማ ቁጥር እጁን እንዲያነሳ አዘዘው። ሲጨርስ ወረቀቱን አየና፣

“ቀጫጭኑን ድምፅ ማሽኑ ወስዶብዎታል፤ እሱ አይመለስም። የቀረው ግን ለዕድሜዎ ደህና ነው። ይሄ የሚሉት መፋቅ ሰው ሲጮህብዎትም አለ?” አለው።

“ኧረ የለም! ባለቤቴ ስትጮህብኝ ጥርት ብሎ ነው የሚሰማኝ።”

“የመኪና ጡሩንባስ?”

“እሱም ደህና ነው። ቤት ሙዚቃ ሳዳምጥ ብቻ ነው።”

መርማሪው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። “ታዲያ ጋሼ፣ በሽተኛውን ቤት ትተው ነዋ የመጡት! ዕቃውን ያስመርምሩ።”

በማግስቱ አምፕሊፋየሩን በአንሶላ ጠቀለለ፤ አንዱን ስፒከር ከታክሲ ሹፌሩ ጋር ተጋግዞ ጫነና ወደ ሬዲዮ ጠጋኝ ሄደ። ሱቋ በልብስ ሰፊና በጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ መሃል የተሰነቀረች፣ ሆዳቸው የተዘረገፈ ሬዲዮዎች እስከ ጣሪያ የተደረደሩባት ናት። ጠጋኟ ዐርባዎቹን ያጋመሰች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ጋሽ ቀለም “ሺህ ዋት እኮ ነው” ብሎ ሲጀምር፣ ዕቃውን አዙራ ጀርባውን አሳየችው።

“ፊት ለፊቱ ለገበያ ነው ጋሼ። እዚህ ገመዱ አጠገብ ያለችውን ትንሿን ጽሑፍ ያንብቡልኝ።”

ዓይኑን አጥብቦ አነበበ። “ሃምሳ ዋት ይላል።”

“እሱ ከግድግዳው የሚወስደው ነው። ሃምሳ እየበላ ሺህ ይሠራል?”

“ኧረ እንዴት ተብሎ!”

“አዎ። ሺሁ ዓይን እስኪጨፈን ብልጭ የሚል ነገር ይሆናል፤ ወይም ካርቶኑን የጻፈው ሰውዬ ምኞት ነው። እኛ የምንፈልገው ሳያቋርጥ፣ ድምፁን ሳያበላሽ የሚሰጠውን ነው።”

አነስተኛ መስኮት ካለው መለኪያ ጋር አገናኘችውና ከፈተችው። በመስኮቱ ላይ አረንጓዴ መስመር እንደ ኮረብታ ክብ ክብ እያለ ይወጣል፣ ይወርዳል። ድምፁን ከፍ ስታደርገው ኮረብቶቹ አደጉ፤ አሁንም ከፍ ስታደርገው አናታቸው በቢላዋ እንደተቀላ ጠፍጣፋ ሆነ። በዚያችው ቅጽበት ከስፒከሩ ያ የሚያውቀው መፋቅ ወጣ።

“እሱ ነው! እሱ ራሱ ነው!” ብሎ ጮኸ ጋሽ ቀለም።

“ለአንድ ስፒከር የሚሰጠው አሥራ አምስት ዋት ነው። ከዚያ በላይ ሲጠየቅ ከየት ያምጣው? አናቱን ይቆርጠዋል። ደግነቱ ቶሎ ያጠፉት ነበር፤ እንዲህ እያጮሁ ቢውሉ ኖሮ ሳጥኑ ውስጥ ያለችውን ላይኛዋን ትንሿን ስፒከር ያቃጥልልዎት ነበር።”

“ታዲያ ለአንድ ሳሎን አሥራ አምስት ዋት ያንሳል?”

“ለክላርኔቱማ ሁለት ዋትም አይፈጅ! ችግሩ ዘፈኑ ሲገነፍል ነው። ድምፁ ለጆሮዎ እጥፍ እንዲሆንልዎት አምፕሊፋየሩ ዐሥር እጥፍ ጉልበት ማውጣት አለበት። ሁለት የነበረው ሃያ ሆነ ማለት ነው። ከበሮው ሲመታ ደግሞ ለቅጽበት ከዚያም ያልፋል። በዚያ ላይ ስፒከርዎ ከባድ ነው፤ በደንብ ካልገፉት አይናገርም። ስለዚህ ለሚገነፍልበት ጊዜ ተርፎ የሚቀመጥ ጉልበት ያስፈልጋል።”

ጋሽ ቀለም ጭኑን መታ አደረገ። “ማሽናችን እኮ በሰዓት አሥራ ሁለት ሺህ ወረቀት ያወጣል ተብሎ ነበር የመጣው። እኛ ከስምንት ሺህ አሳልፈነው አናውቅም። ካሳለፍነው ወረቀቱን ይቦጫጭቀው ነበር።”

“ይኸውልዎ፣ ከእኔ የተሻለ ገብቶዎታል።”

“ጆሮዬ ደህና ነው በይኛ!” አለና ድምፁ ተሰበረ። ጠጋኟ ፊቷን ዞር አድርጋ መደርደሪያው ላይ የሆነ ነገር መፈለግ ጀመረች። ስትመለስ ከግንባታ ድንጋይ የሚከብድ፣ ቀለሙ የተላላጠ አምፕሊፋየር ታቅፋ ነበር። “አሮጌ ነው፤ ግን ስድሳ ብሎ ጽፎ ስድሳ ይሰጣል፤ እኔ ለክቼዋለሁ። ቤትዎ ወስደው ይሞክሩት። ካልወደዱት ይመልሱልኛል፤ ገንዘብዎንም እመልሳለሁ።”

ቤት ሲደርስ ባለቤቱ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ስፒከሩ ከሳሎን ሲጠፋ “ሸጠው” ብላ ነበር። ሁሉንም ነገር አንድ በአንድ ነገራት፤ ጆሮው የሞተ መስሎት እንደነበር፣ ለዚያ ሲል እንደሚያጠፋው። እሷ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

“እኔ እኮ፣” አለች፣ “ያን የመጀመሪያ ቀን ከወጥ ቤት ስሰማው፣ ድምፄ ድሮም እንዲህ አስቀያሚ ኖሯል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እንዳላፍር ብለህ የምታጠፋው መስሎኝ።”

“አንቺ ሴትዮ! ስድስት ወር ሙሉ?”

“አንተስ ስድስት ወር ሙሉ?”

ተያዩና ሳቅ ገደላቸው። ሲበርድላቸው አሮጌውን አምፕሊፋየር አገናኝቶ ዘፈኑን ከፈተ። ክላርኔቱ አለፈ። ከበሮው ደረቱን መታው፤ ጥሩምባዎቹ ገቡ፤ በላያቸው ላይ የሃያ ሦስት ዓመቷ ኮረዳ ድምፅ ምንም ሳይነካው ሙሉ ሆኖ ወጣ። ባለቤቱ አፏን በነጠላዋ ይዛ “ይቺ እኔ ነኝ?” አለች። እሱ ግን እየሰማ ነበር።

እሑድ ልጅቱ ስትመጣ እውነቱን ነገሯት። ትንሽ ቅር ይላታል ብሎ ፈርቶ ነበር፤ እሷ ግን “አባዬ፣ እኔ ነርስ ሆኜ ጆሮህን ትደብቀኛለህ?” ብላ ተቆጣችውና ከዚያ አንገቱን አቀፈችው። የእሷ አምፕሊፋየር ከሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ጋር ወጥ ቤት ገባ። እዚያ ከቅርብ ለሚሰማ ሰው አሥራ አምስት ዋት ከበቂ በላይ ነው፤ እናትየዋ ሽንኩርት እየከተፈች ሬዲዮ ትሰማበታለች።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ቀለም ወደ ሱቋ ተመለሰ። ጠጋኟ ሽቦ እየበየደች ነበርና ቀና ሳትል “ደግሞ ምን ተበላሸ ጋሼ?” አለችው።

“ምንም። ላመሰግን ነው የመጣሁት። አሁን መርማሪውንም አመስግኜ መጣሁ፤ አንቺ ቀረሽብኝ።”

ሥራዋን አስቀምጣ መነጽሯን አወለቀች። “በዚህ በር ለምስጋና ብቻ የገባ ሰው እርስዎ የመጀመሪያዬ ነዎት” አለችና ወንበሩ ላይ የተከመረውን ሽቦ አንስታ ቦታ ለቀቀችለት። እሱም ቁጭ ብሎ፣ ባለቤቱ እንዴት እንደምትዘፍን እስከ እኩለ ቀን አወራላት።