ነጠላዬን የለበሰችው ቱሪስት

አባቴ መሞቱን ዶሃ ሆኜ በስልክ ከሰማሁ ሦስት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። ቤቷ የምሠራላት ማዳም እንደ አገሩ ሴቶች ጥቁር አባያ አልብሳኝ አል አዚዚያ ወዳለ ሞል ይዛኝ ሄደችና በሩ ላይ አቁማኝ ገባች።

ጥበቃው አንዲት ጠይም ቱሪስት ትከሻዋ ስለተራቆተ አላስገባም አላት። ሐበሻ መስላኝ በአማርኛ ባናግራት አልገባትም። አሳዘነችኝና፣ ለሐዘን ልለብሰው ብዬ ማዳምን አፍሬ ቦርሳዬ ውስጥ የደበቅኩትን ነጠላ አውጥቼ ሰጠኋት። እሷም ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ተከናነበችው። በኛ አገር እንዲህ የሚለብሰው ሐዘንተኛ ነው። ላስተካክልላት እጄን ዘረጋሁና አፍሬ መለስኩት።

በዚህ መሃል አንዲት ትልቅ ኢትዮጵያዊት ሴትዮ ነጠላውን አይታ ቆመች። እኔ በአባያዬ ዓረብ ሳልመስላት አልቀረሁም፤ ዞር ብላም አላየችኝ። የቱሪስቷን እጅ በሁለት እጇ ያዘችና፣

"ውይ የኔ ልጅ! በሰው አገር! እግዜር ያጥናሽ። ማን ሞቶብሽ ነው?" አለቻት።

ቱሪስቷ ግራ ገብቷት ፈገግ አለች። ሴትዮዋ ደንግጣ እጇን ለቀቀች።

እኔን እስከዚያ ቀን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

"አባቴ ነው፣ እትዬ" አልኩ ከኋላቸው።