የቢጫዋ ጠመንጃ ዕድሜ

በ1996 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ደጋው ውርጭ በጀመረበትና የደረሰው ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን፣ የአባቴን ጠመንጃ የሚመረምር ሰው ይዤ ከደብረ ብርሃን ወደ መንዝ ሄድኩ።

ኅዳር 10፣ ማለዳ፣ ደብረ ብርሃን

ልጆቼን ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ደረስኩ። አቶ ዘውዴ ቀድመውኛል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የጦር መሣሪያ ጠጋኝ ነበሩ። ካፖርታቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ይደርሳል፤ ከእጃቸው የማይለዩት የቆዳ ቦርሳ በተራመዱ ቁጥር ይንኳኳል።

ረዳቱ ቦርሳውን ጣራ ላይ ሊጭን ሲቀበላቸው እንቢ አሉት።

«ምን አለበት አባት? ብረት ብረት ይላል።»

«ካቻቢቴ ነው። መኪናህ መንገድ ላይ ስትፈታ እገጥምልሃለሁ።»

ተሳፋሪው ሳቀ። ሹፌሩ አልሳቀም።

ጉዳዩ ይህ ነው። አባቴ ካረፈ ከዓመት በላይ ሆኖታል። በአገራችን እንደሚደረገው፣ ለቅሶው ላይ ልብሱና ጠመንጃው ለአልቃሽ ተዘረጉ። አርባው ሲወጣ ታላቅ ወንድሜ ጋሽ ኃይሌና ታናሼ ደምሴ በዚያች ጠመንጃ ተጣሉ። ጋሼ የቅድመ አያታችን ናት ይላል፤ በቤታችን ደንብ የአያት መሣሪያ ለበኩር ልጅ ነው። ደምሴ ደግሞ አባባ ራሱ የገዛት ናት፣ ሲታመምም ለእኔ ብሏል ይላል። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። አንድ ማሳ ጎን ለጎን ያጭዳሉ፤ አይነጋገሩም። አሁን ደግሞ ወረዳው ጠመንጃዋን በአንድ ሰው ስም አስመዝግቡ ብሏል። ሽማግሌዎቹ ሲደክማቸው «ዕድሜዋን የሚያውቅ ሰው ይምጣና ይፍረድ» አሉ። ሁለቱም እሺ አሉ። እናቴ «ሳልሞት አንድ ገበታ ላይ ልያቸው» ብላ ላከችብኝ። የሄድኩት ለጠመንጃዋ አይደለም።

ረፋድ፣ ጣርማ በር

ከአስፋልቱ ወጥተን ወደ መንዝ ስንታጠፍ ጉም ዋጠን። ሹፌሩ መስኮቱን በክንዱ እየጠረገ ይነዳል። ጉሙ ገለጥ ሲል ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ ቀና ብለውም አላዩን። አቶ ዘውዴ የቅዱስ ሚካኤልን ስም ሲጠሩ ሰማሁ። እኔ ከመነሻው ጀምሬ ስጠራ ነበር።

ቀትር፣ ሞላሌ

የገብስ እንጀራ በሽሮ በላን። ያበላችን ሴት የጣቷ ጫፍ በብርድ ተሰነጣጥቋል። አቶ ዘውዴ ጠመንጃዋ ምን እንደምትመስል ጠየቁኝ።

«አጭር ናት። ጎኗ ቢጫ ናስ ነው፤ ቢጫዋ ነው የምንላት። ከምላጩ ዙሪያ ያለው ቀለበት ወደ ታች ወርዶ ሲመለስ ጥይት ያጎርሳል። ጥይቷ ግን አይገኝም።»

«ዓመት ተጽፎባታል?»

«1866 የሚል አለ። ጋሼ ልጅ ሆኖ ያነበበው ነው።»

ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው እንጀራቸውን ጠቀለሉ። ምን እንዳሰቡ አልጠየቅኳቸውም።

ማምሻ፣ መሐል ሜዳ

አቧራ ለብሰን ገባን። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች የሱፍ ባናቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው በጎቻቸውን ይነዳሉ። ለአልጋ ስድስት ብር ከፈልን። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ሦስት ባና ደራርባልኝ «ይበቃሻል?» አለች። አልበቃኝም፤ ግን አመስግኜ ተኛሁ።

ኅዳር 11፣ ዘመሮ

በጭነት መኪና ዘመሮ ደረስን፤ ከዚያ ወደ ቤታችን በእግር ነው። እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ከመነኮሰች ወዲህ አንሳለች። ጉንጬን ስማ የልጆቼን ስም አንድ በአንድ እየጠራች ጠየቀችኝ።

ወንድሞቼ ግቢው ውስጥ በየፊናቸው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ከክምሩ አጠገብ፣ ሌላው ከበረቱ አጥር ሥር። ሽማግሌዎቹ ከመካከል ናቸው።

«ለወንድምሽ ንገሪው፣» አለ ጋሽ ኃይሌ፣ ደምሴ ከእሱ ጥቂት እርምጃ ላይ እያለ፣ «ዛሬ የሚባለውን ነገ ቢክድ እኔም አልቀበልም።»

«ሰምቻለሁ በይው፣» አለ ደምሴ።

አቶ ዘውዴ ቢጫዋን ፀሐይ ወዳለበት አወጧት። ቀለበቷን ወደ ታች ስበው መለሱ። ቀጭ አለች። ጋሼ ጽሑፉን ሊያሳያቸው እጁን ሲዘረጋ «እሱን መጨረሻ ነው የማየው፣» አሉት። «የተጻፈ ነገር ሰውን ያሞኛል።»

መነጽራቸውን አድርገው የብሎኖቹን አናት አንድ በአንድ አዩ። ናሱን በጥፍራቸው ፈተጉ። ሰደፉን አሸተቱ። ከዚያ ከአፈሙዙ ሥር ያለውን እንጨት በካቻቢቴ ፈትተው ባና ላይ አስቀመጡት። እንጨቱ ሸፍኖት የኖረው ብረት እንደ አዲስ ይጠቁራል። እዚያ ላይ ትንሽ ኮከብ የተቀረጸችበት ማኅተም አለ፤ ከጎኗ ደግሞ በሳጥን የተከበቡ የሮማ ቁጥሮች።

በሬው ሲያመነዥግ ይሰማል።

«ልንገራችሁ፣» አሉ አቶ ዘውዴ። «1866 የዚህች ዓመት አይደለም፤ የእናቷ ስም ነው። የመጀመሪያዋ ጠመንጃ የወጣችው በፈረንጆች 1866 ነው፤ ሞዴሏ በዚያ ተሰየመ። እኛ ደግሞ ቁጥሩን እንደ እኛ ዓመተ ምሕረት እናነበዋለን። በሌላ ጠመንጃም እንዲህ ያነበበ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ይቺ የዚያችኛዋ ቅጂ ናት። ጣሊያን አገር ነው የተሠራችው። እዚያ ጠመንጃ ተፈትኖ ሲያልፍ ይህን ማኅተም ይመቱበታል፤ ዓመቱንም በሮማ ቁጥር ያሰፍራሉ። በእኛ ሲቆጠር ስድሳዎቹ መጀመሪያ ነው።»

«ስድሳዎቹ?» አለ አንዱ ሽማግሌ። «እኔ ያን ጊዜ ሁለት ልጅ ነበረኝ።»

«እንግዲያው ታናሽዎ ናት።»

የሳቀ የለም። ጋሼ ተነስቶ መጣና ቁጥሮቹን አየ።

«ብርቅስ አይደለችም?» አለ ቀስ ብሎ።

«የጥንቷ ብርቅ ናት። ይቺ በተሠራችበት አገር በብዛት አለች። እዚህ ግን ሌላ አላየሁም፤ የምታዩም አይመስለኝም። በደንብ ተይዛለች። ብረት እንዲህ የሚጠብቅ ሰው አክባሪ ነው።»

ፍርዱ ለደምሴ ሆነ ማለት ነው። ቀና ብዬ አየሁት፤ ደስ ያለው አይመስልም። ጋሼ ወደ ክምሩ ተመልሶ አንገቱን ደፋ። ጉዞዬ ከንቱ ቀረ ብዬ ፈራሁ። አንዱ ሊረታ ነው እንጂ ሊታረቁ አይደለም።

እናቴ ነች የተናገረችው፤ መቁጠሪያዋን ይዛ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ።

«የቅድመ አያታችሁ ጠመንጃ ነበረ። ይቺ አይደለችም እንጂ ነበረ። አባታችሁ ጎታው ላይ ጠቅልሎ ያስቀምጠው ነበር፤ እናንተ ጨርቁን እንጂ ብረቱን አታውቁትም። ዝናቡ የቀረብን ዓመት ሸጠው። በገብስ ነው የሸጠው። ደምሴ ጡት ላይ ነበር፤ እኔ ጡቴ ደርቋል። ኃይሌ፣ አንተ እግርህ አብጦ መቆም አቅቶህ ነበር። ይቺም ልጅ እንዲሁ። ያን ገብስ በላችሁ።»

መቁጠሪያዋን አንድ ፍሬ አሳለፈች።

«በኋላ እግዚአብሔር በጎቹን አበዛልን። አባታችሁ ባዶ እጁን ለቅሶ መቆም ከበደውና ከአስመራ ከመጣ የካሚዮን ሹፌር ይቺን በበግ ለወጠ። ቤት ሲያመጣት ኃይሌ ከትምህርት ቤት ገባ። ቁጥሯን አነበበና ‹የቅድመ አያቴ ናት› እያለ ዘለለ። ልነግረው ስል አባታችሁ ‹ልጁ ደስ ብሎታል፣ ተይው› አለኝ። ተውኩት።»

ጋሽ ኃይሌ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። ቁጥሩን ሲያነብ ስንት ዓመት እንደኖረ አሰብኩ።

ደምሴ ወደ እኔ ዞረ። «ለጋሼ ንገሪው፣» አለ። «በእሱ ስም ትጻፍ።»

«እሱን ንገሪው፣» አለ ጋሼ፣ «የተፈረደለት እሱ ነው። የማይገባኝን አልወስድም።»

«ንገሪው፣ የተፈረደለት ሰው ለፈለገው ይሰጣል።»

እናቴ መሬቱን በመቋሚያዋ መታች። «ምላስ የላችሁም? ልጄን ከደብረ ብርሃን ያመጣኋት ለመልእክት ነው?»

ያን ጊዜ አቶ ዘውዴ እንኳ ሳቁ። ወንድሞቼ አልሳቁም፤ ግን ማታ ገበታው ሲቀርብ ሁለቱም መጡ። ደምሴ ጠላ ሲቀዳ የጋሼን ዋንጫ አላለፈውም። ለእኔ በቂ ነበር። በልቤ አመሰገንኩ።

ኅዳር 12፣ ጠዋት

የሚካኤል ዕለት ነው። ገና ሳይነጋ ተነስቼ ወንድሞቼ ካጨዱት አዲስ ገብስ ጆንያ ሞላሁ። በቅድመ አያታችን ስም ለቤተ ክርስቲያን ልሰጠው ነው፤ መሣሪያው ካበላን ገብስ እስከ ዛሬ አንድ እፍኝ እንኳ መልሰን አናውቅም። ላነሳው ስል ከበደኝ። ጋሽ ኃይሌ መጥቶ አንዱን ጫፍ ያዘ። ደምሴ ከበረቱ ወጥቶ ቆሞ አየን፤ ከዚያ ሁለተኛውን ጫፍ ያዘ።

መንገዱ ዳገት ነው፣ ሣሩም በውርጭ ነጥቷል። ነጠላዬን አጣፍቼ ፊት ፊት ሄድኩ።

«ቀስ በል እንጂ፣ ጋሼ።»

«አንተ ቀስ በል። እየጎተትከኝ ነው።»

«እኔ? ስትሮጥ የምትጎትተኝ አንተ ነህ።»

ዞሬ አላየኋቸውም። ደወሉ እስኪሰማ ድረስ እየተጨቃጨቁ ከኋላዬ መጡ።