ኖር የተባልኩበት ወንበር

አሮጌ ወንበር ካየሁ አላልፍም። ባለቤቴማ «ወንበር በዝቶ መቀመጫ አጣን» ትላለች። አንድ ቅዳሜ ባደግኩበት በካዛንቺስ ሳልፍ አንድ ሽማግሌ በራቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። የተቀመጡበት ወንበር ግን፣ በቃ፣ የጣሊያን ዲዛይነር ሥራ ነው! ልቤ ቀጥ አለ። የሠሪው ማህተም የሚገኘው ከመቀመጫው ሥር ነው፤ ሽማግሌን ደግሞ እንዴት ተነሱልኝ ይባላል?

ጎንበስ ብዬ ሰላም ስላቸው «ኖር!» ብለው ብድግ አሉልኝ። ወግ የሚያውቅ ሰው «በእግዜር፣ አይነሱ» ይላል። እኔ ወንበሩን ገለበጥኩት።

«ምን ጠፋብህ ልጄ?» አሉኝ ደንግጠው።

ማህተም የለም። በቀይ ቀለም «የተካ ነው» ይላል። አባቴ ለጎረቤት ሠርግ ዕቃ ሲያውስ የሚጽፈው፣ ያ የተንጋደደ ጽሑፉ!

«ተካ እኮ አባቴ ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

ሽማግሌው በሳቅ ፈነዱ። «ሙሽራዬ እንድትቀመጥበት አውሶኝ ነው። ሊወስደው በመጣ ቁጥር ኖር ብዬ አስቀምጠው ነበር፤ ሲጫወት ይውልና ረስቶት ይሄዳል።» ወንበሩን አቃንተው በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉልኝ። «በል አንተም ኖር፣ ቁጭ በል።»

ቁጭ አልኩ። ስለ አባቴ ያላወሩኝ ነገር የለም፤ ሆዴን ይዤ ስስቅ ዋልኩ።

ወንበሩ ትዝ ያለኝ ወሎ ሰፈር፣ ቤቴ በር ላይ ስደርስ ነው።